ስም የሌለው ማመልከቻዬና የኦቦ ኦላና ባትሪ

የሕመሜን የመጀመሪያ ምልክት ያየሁት በካርቦን ወረቀት ላይ ነው።

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። መቱ ፍርድ ቤት አጠገብ በአንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጬ ከሃያ ዓመት በላይ የሰው አቤቱታ ጽፌአለሁ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የሕግ መጻሕፍቱን ለብቻዬ ነው ያነበብኳቸው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን ቁቤውን የተማርኩት ከልጄ ከሰናይት የትምህርት ቤት ደብተር ነው፤ ማታ እሷ ስትተኛ ደብተሯን ወስጄ ፊደሉን እገለብጥ ነበር። ኮምፒውተር ቤቶች ከተከፈቱም በኋላ በእጅ ጽሑፌ የሚያምኑ ደንበኞች አልተለዩኝም። ዋናውን ከላይ፣ ሁለት ቅጂ ከሥር አድርጌ፣ በካርቦን ላይ እስክሪብቶዬን ተጭኜ እጽፋለሁ። አንድ ሐሙስ አንድ ገበሬ ሦስተኛውን ወረቀት አንስቶ ወደ ብርሃኑ አዞረና «ጋሽ ደምሴ፣ ይሄኛው እኮ ባዶ ነው» አለኝ።

ካርቦኑ አርጅቷል ብዬ ቀየርኩት። አዲሱም ያው ሆነ። ያረጀው ካርቦኑ ሳይሆን እጄ ነበር።

ይህን የምጽፈው እጅና እግሩ መደንዘዝ የጀመረ ሰው እንደኔ ቀን እንዳያባክን ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ግን ለመናገር ስለማፍር ቆይቼ እደርስበታለሁ።

ከዚያ ሐሙስ በፊት በነበረው ሳምንት ተቅማጥ ይዞኝ ለቆኝ ነበር። ቀጥሎ ጣቶቼ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ፤ ከዚያ የእግሬ መዳፍ፣ ከዚያ ጉልበቴ። አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መርፌ ጀመረልኝ። ሌላው ሪህ ነው አለ፤ ሦስተኛው የነርቭ ቫይታሚን አዘዘ። ባለቤቴ ብዙነሽ ጠበል እንሂድ አለች፤ ሄድን። ጠበልን አልነቅፍም፣ አማኝ ነኝ። ነገር ግን ስሙኝ፤ ድካሙ ከእግር ተነሥቶ በየቀኑ ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ ጠበሉንም መርፌውንም ትታችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። እኔ ዐሥራ ሁለት ቀን አጠፋሁ። በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሁለት ሰው ደግፎኝ ነው የወረድኩት፤ ማታ ውኃ ስጠጣ በአፍንጫዬ ወጣ።

በማግሥቱ ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስጠብቅ ከፊቴ ከኖፓ የመጣች አራስ ነበረች። ልጇን አቅፋ ዞር ብላ አየችኝና ለተራ አስከባሪው በአፋን ኦሮሞ «የኔ ልጅ ትኩሳት ብቻ ነው፤ የእኚህ ሰውዬ አተነፋፈስ ግን አላማረኝም። እሳቸውን አስቀድማቸው» አለችው። ስሟን አላውቅም። ዛሬ በሕይወት ለመኖሬ ባለውለታዎቼን ስቈጥር ከእሷ ተራ ነው የምጀምረው።

ወጣቱ ሐኪም ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ። እግሬ ንቅንቅ አላለም። ፊቱ ተለወጠ። ሕመሙ ጊላን ባሬ ይባላል፤ ተቅማጡን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ነርቭ የሚመታበት ነው ብሎ አስረዳኝ። «ብዙ ሰው ይድናል» አለ፤ «ግን ትንፋሽዎ ላይ ሳይደርስ ጅማ መድረስ አለብን።»

ትንፋሼ ላይ የደረሰው መንገድ ላይ ነው። በአምቡላንሱ ውስጥ ሁለት ነርሶች ነበሩ። አንደኛው ገመቹ የሚባል፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ልጅ ነው። ሁለተኛዋ ነርስ ልጄ ሰናይት ናት። ነርሶቹ አምቡ የሚሉትን በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ፊኛ አፌ ላይ ገጥመው ከበደሌ ወዲያ እስከ ጅማ ድረስ እየተቀባበሉ አየር ጨመቁልኝ። የእሷ እጅ ሲደክም የእሱ፣ የእሱ ሲደክም የእሷ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ልጄ ነርስ እንድትሆን አልፈለግሁም ነበር። ሕግ እንድታጠና ነው ያሰብኩት፤ እኔ በጥላ ሥር የጀመርኩትን እሷ በችሎት ውስጥ እንድትጨርሰው። እምቢ ስትል «የሰው ቁስል ለማጠብ ነው እንዴ ያስተማርኩሽ?» አልኳት። ከዚያ በኋላ በቤታችን ሰላምታ እንጂ ጨዋታ አልነበረም። ልጆቼ አንቱ እንዲሉኝ አድርጌ ነው ያሳደግኋቸው፤ እሷም «አባባ፣ እንደምን አደሩ» ትለኛለች፣ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፣ በቃ። ያን ቀን ግን በየትንፋሼ መካከል የማየው ያችን የሰው ቁስል የምታጥብ እጅ ነበር።

የጅማውን ወራት አላረዝመውም። ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ ገብቶ ማሽን ሲተነፍስልኝ ከረመ። ሰው እንደሚሞት አውቃለሁ፤ ሰው እየሰማ፣ እያሰበ፣ ግን «አሳከከኝ» ማለት ሳይችል እንደሚተኛ ግን አላውቅም ነበር። ቀስ በቀስ እጄ መለስ አለ፤ እግሬም ዘገየ እንጂ ተንቀሳቀሰ። ከጎድን በታች ተዘርግቶ አየር የሚስበው ጡንቻ ግን ነርቩ በደንብ አልዳነም። ስለዚህ ቱቦው ወጥቶልኝ፣ በአፍንጫና በአፍ ላይ በሚታሰር ማስክ አየር የሚገፋ አነስተኛ መተንፈሻ ማሽን ይዤ ወደ መቱ ተመለስኩ። ማሽኑን ወንድሜ ከአዲስ አበባ ያገለገለ አግኝቶ ላከልኝ፤ ለቀረው ወጪ ከቤታችን ግማሹን አከራየን። መብራት ሲጠፋ በኢንቨርተር በኩል በመኪና ባትሪ ይሠራል። ሐኪሙ ሲሸኘኝ «በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ማስኩን አውልቀው ይለማመዱ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ደፍሬ አላውቅም። ትንፋሽ አንድ ጊዜ የከዳው ሰው ገንዘቡን እንደተሰረቀ ሰው ነው፤ ኪሱን ደጋግሞ ይዳብሳል።

ለክትትል ሆስፒታል በሄድኩ ቀን ነው ኦቦ ኦላናን ያወቅሁት። ያዮ ጫካ ውስጥ ቡና የሚለቅም፣ ቀፎ የሚሰቅል ረጅም ሰው ነበር፤ አሁን ለሕክምና ብሎ መቱ ሴት ልጁ ቤት ተቀምጧል። ሕመሙ ከኔ ይለያል። ጡንቻን የሚያዝዙት ነርቮች አንድ በአንድ ይሞቱበታል፤ አይመለሱም። መጀመሪያ የተያዘው ምላሱ ስለነበር ሰው ሁሉ ሰክሯል ብሎ አማው፤ ጴንጤ ነው፣ ጠላ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። እሱም እንደኔ ማስክ አድርጎ፣ ባትሪው ከዊልቸሩ ሥር ተቀምጦ፣ ወረፋ ይጠብቃል።

«ጋሽ ደምሴ ነህ አይደል፣ ያ ማመልከቻ ጸሐፊው?» አለኝ፣ ቃሉን ከማሽኑ ትንፋሽ ጋር እየከፈለ። «እየው እንግዲህ። እኛ ሁለታችን መኪና ሆነናል። ባትሪ ከሌለ አንነሣም።»

ሰናይት ሳቀች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼአት አላውቅም። ያን ጊዜ ደረቴ ላይ ያረፈውን ነገር ማሽኑ የገፋው አየር መስሎኝ ነበር።

ሰናይትና ገመቹ አንድ ሐሳብ ነበራቸው። በቤቱ በማሽን የሚተነፍስ ሰው ግድግዳ እያየ ከሚኖር በዕረፍት ቀናቸው አንድ በአንድ ሊያወጡን፤ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ዘመድ ቤት። አንዱ ነርስ ዊልቸሩን ይገፋል፣ አንዷ ባትሪውንና አምቡውን ትይዛለች። ሆስፒታል ያለው ሐኪም በቃል «ጥሩ ነው፤ ተጠንቀቁ» ብሏቸዋል። መጀመሪያ የጠየቁት እኔን ነው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ገበያ እንውሰድዎት» አለ ገመቹ።

«ሃያ ዓመት የሰው ጉዳይ የያዝኩ ሰው ነኝ። አፍንጫዬ ላይ ጎማ ታስሮ ገበያ አልታይም» አልኩት።

«ጎማው እኮ ንጹሕ ነው ጋሼ፤ እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

«አልሄድም አልኩ።»

ሰናይት አልለመነችኝም። ልመና እንደማልወድ አሳምራ ታውቃለች። ኦላናን ይዘውት ሄዱ።

እንግዲህ የማፍርበት ክፍል ይህ ነው። ኦላና ገበያ ሄደ፤ ሎሚ ሻጮቹ እየተሳሳቁ ሎሚ ሰጡት። በሌላ ቅዳሜ ጸሎት ቤቱ ሄደ። በሌላው ሶር ወንዝ ዳር ወስደውት ውኃው እስኪረጨው ድረስ ቆሙ። ሰናይት ወደ ቤት ስትመለስ ጫማዋ ጭቃ፣ ፊቷ ብርሃን ሆኖ ትገባለች፤ ለእናቷ «ኦቦ ኦላና እኮ ዛሬ እንዲህ አለ» እያለች ታወራለች። እሱን ራሱን ስትጠራው ግን አባኮ ነው የምትለው፤ በኦሮምኛ አባቴ ማለት ነው። እኔ ከጎን ክፍል፣ በማስኬ ውስጥ፣ እያንዳንዱን ቃል እሰማለሁ። ወደኔ ስትገባ ፊቷ ይሰበሰባል። «አባባ፣ ማስኩ ቆዳዎን አልጎዳዎትም?» ትላለች። የማሽኑን ቁጥር አይታ ትወጣለች።

ብዙነሽ አንድ ቀን ሾርባ ስታጎርሰኝ ማንኪያውን አየር ላይ አቆመችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀንተሃል።»

«እኔ? በአንድ በሽተኛ?»

«ጤነኛ በበሽተኛ ሲቀና አላየሁም፤ በሽተኛ በበሽተኛ ሲቀና ግን አየሁ» አለችና ሾርባውን አፌ ውስጥ ጨመረችው።

ሾርባውን ውጬ ፊቴን አዞርኩ። ግን ቅዳሜ ጠዋት የባጃጁን ድምፅ ስሰማ ሰዓት ማየት ጀመርኩ፤ ስንት ሰዓት እንደወሰደችው፣ ስንት ሰዓት እንደቆየች። ለኔ የሰጠችኝን ደቂቃ ለእሱ ከሰጠችው ጋር አወዳድር ነበር። በቅናት የተያዘ ሰው ራሱን ፍትሕ ፈላጊ ያደርጋል። እኔም «ልጄን ፈልጌ ነው» አላልኩም፤ «ይህ አሠራር አደገኛ ነው» አልኩ።

እጄ እስክሪብቶ መያዝ የቻለው በዚያ ወር ነው። ከዳንኩ በኋላ የጻፍኩት የመጀመሪያው ወረቀት ለእግዚአብሔር ምስጋና ወይም ለዚያች ለኖፓዋ አራስ ሰላምታ ሊሆን ይገባው ነበር። የጻፍኩት ግን ክስ ነው። ሁለት ነርሶች በማሽን የሚተነፍስ ታማሚ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ በባጃጅ ያንከራትታሉ፤ አደጋ ቢደርስ ተጠያቂው ማን ነው? ስም አልጠቀስኩም፤ በመቱ ግን እንደዚህ የሚያደርጉ ሁለት ነርሶች ብቻ ነበሩ። ፈቃዱ በቃል እንጂ በጽሑፍ አለመሆኑን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ልክ በዚያ ቀዳዳ ነው የገባሁት። ከሥሩ «አንድ ተቆርቋሪ» ብዬ ፈረምኩ። የቆየ ደንበኛዬ ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ ምን እንደያዘ ሳያውቅ፣ ነርሶቹን የሚቆጣጠረው የጤና ቢሮ የአስተያየት ሣጥን ውስጥ እንዲከትልኝ ሰጠሁት።

ሳምንት አልሞላም። ቢሮው ሁለቱን ነርሶች ጠርቶ ጉዳዩ እስኪጣራ ታማሚ ማውጣት እንዲያቆሙ ነገራቸው። ቢሮው አልተሳሳተም፤ እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምወስነው።

ያን ዕለት ማታ ሰናይት ገብታ የወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ብርድ ልብሴ ላይ አስቀመጠችው። አልተቀመጠችም።

«ጉዳዩ ከሚለው ሥር ሁለት መሥመር ተሰምሯል» አለች። «ከታች ደግሞ ግልባጭ፣ ለማኅደር ይላል። አባባ፣ በመቱ ከተማ ስሙን ደብቆ ለማኅደር ግልባጭ የሚያደርግ ከእርስዎ በቀር ማን አለ?»

የዕድሜ ልክ ልማድ እጄን አሳልፎ ሰጠው። ግልባጭ የሌለው ማመልከቻ ለኔ ማመልከቻ አይደለምና ስሜን ስደብቅ እንኳ ያችን መስመር መተው አልቻልኩም።

«ለእናንተው አስቤ ነው» አልኩ።

«ኦቦ ኦላና በሚመጣው እሑድ ያዮ ሊሄድ ነበር» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም። «ቡናው እየተለቀመ ነው። ሦስት ወንዶች ልጆቹ በቡናው መሬት እየተጣሉ ነው፤ የትኛው የማን እንደሆነ በራሱ አፍ፣ በሽማግሌ ፊት ሊናገር ነበር። ምላሱ በየሳምንቱ እየከበደ ነው። ሐኪሙ ገና ድምፁ እያለ አውጡት ብሎናል። እርስዎ የሚያጣራ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ድረስ ይህ ሰው ድምፅ አይኖረውም።» ወደ በሩ ሄዳ ቆመች። «እኛ እርስዎን ገበያ እንውሰድዎት ብለን ጠይቀን እምቢ አሉን። ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

እንዳልታነቅ እየፈራሁ በሕይወቴ የተናገርኩትን አጭሩን እውነት ተናገርኩ። «አንድ ጊዜ ደግመሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ እሄድ ነበር።»

በሩን ከፈተች። ከዚያ «እኔ ደግሞ እርስዎ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲጠየቁ እንደሚቆጡ ነው የተማርኩት» ብላ ወጣች።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን አስተውሉ። ልጅ የሚያስተምሩትን ይማራል። እኔ ልጄን አንዴ ብቻ መጠየቅን አስተምሬአት፣ ሁለተኛ ስላልጠየቀችኝ ከሰስኳት።

በማግሥቱ ገመቹን አስጠርቼ «ቢሮው ውሰደኝ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ታማሚ ማውጣት ተከልክለናል እኮ።»

«ታማሚ አይደለም የምታወጣው። ከሳሽ ነው የምታወጣው።»

ከት ብሎ ሳቀ። ይቀየመኛል ብዬ ነበር፤ አልተቀየመም፤ ወይም አላሳየኝም። ሐኪሙን በስልክ አስፈቅዶ ባጃጅ አመጣ። ብዙነሽ ባትሪውን በእግሮቿ መካከል ይዛ ተቀመጠች፤ ገመቹ የቢሮውን ደረጃ አዝሎኝ ወጣ። በማስክ ታስሬ በመቱ ከተማ አደባባይ የታየሁት ያን ቀን ነው። ያሰብኩትን ያህል ሰው አላየኝም። አንድ ጫማ አሳማሪ ብቻ እጁን አንሥቶ «ጋሽ ደምሴ፣ ተመስገን ነው!» አለ።

የቢሮው ኃላፊ ወጣት ሴት ናት፤ የመጀመሪያ የሥራ ማመልከቻዋን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ተነሥታ ተቀበለችኝ።

«ወረቀቱን እንዳየሁት የማን እጅ እንደሆነ አውቄአለሁ» አለች። «ግን እርስዎ ራስዎ ነዎት፣ ስም የለውም ተብሎ የሰው አቤቱታ አይጣልም ያሉኝ።»

በፊቷ ላይ ሁለት ወረቀት ጻፍኩ። አንደኛው የፊተኛውን የጻፍኩት እኔ መሆኔንና በቅናት እንጂ በቅንነት አለመጻፌን የሚገልጽ፤ በሙሉ ስሜ የተፈረመ። ሁለተኛው ነርሶቹ በሐኪም የጽሑፍ ፈቃድ፣ በታማሚው ፊርማ፣ በትርፍ ባትሪና በአምቡ ታማሚ እንዲያወጡ የሚጠይቅ። ቀዳዳውን ያየሁ እኔ ስለሆንኩ መድፈኑም የኔ ሥራ ነበር። ኃላፊዋ እስከ ዓርብ መልስ እሰጣለሁ ብላ ሐሙስ ሰጠች።

ከዚያ ኦላና ዘንድ ሄድኩ። የክሴን ነገር ሳልቆራርጥ ነገርኩት። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ገፋ፣ ብዙ ጊዜ ለቀቀ።

«ጋሽ ደምሴ» አለኝ መጨረሻ ላይ፤ አሁን ቃሉን ለመስማት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። «በምኔ ነው የቀናኸው?»

«ልጄ ካንተ ጋር ትስቃለች።»

ዐይኑን ወደ እግሬ ዝቅ አደረገ። ትንሽ ትንሽ መንቀሳቀስ የጀመረ እግር ነው። «እኔ ደግሞ» አለ፣ «በዚያ ነበር የምቀናው። አንተ ትድናለህ።»

  ቆይቶ ሳቅ የሚመስል ነገር በማስኩ ውስጥ አሰማ። «በል እንግዲህ፤ ውሉን ማን ይጽፍልኛል? ለሦስት ልጅ ሦስት ቅጂ ነው የምፈልገው።»

እሑድ የኦላናን አማች ሚኒባስ ይዘን በሑሩሙ በኩል ያዮ ሄድን። ሁለት ዊልቸር፣ ሁለት ማሽን፣ ሁለት ባትሪ፣ አንድ ትርፍ ባትሪ። አስፋልቱን ለቀን ወደ ጫካው የሚያስገባው መንገድ ላይ ገመቹ በያንዳንዱ ጉድጓድ «ሂን ያዳኢና፣ አትጨነቁ!» እያለ ሁለታችንንም በክንዱ ደግፎ ይይዛል። የቡናው ጥላ ሥር ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ነበር። ልጆቹ ለየብቻ ቆመዋል፤ አባታቸው በማስክ ታስሮ ሲወርድ ግን ሦስቱም አንድ ላይ ሮጠው ዊልቸሩን አነሡት።

ሽማግሌ ወደ ነገሩ በቀጥታ አይገባም። መረቁ፣ የድሮውን አነሡ፣ ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ፣ ደግሞ መረቁ። ሰናይት ሰዓቷን እያየች የኦላናን ባትሪ ትነካካለች። በመጨረሻ እሱ ተናገረ። ከወንዙ እስከ ትልቁ ዋንዛ የታላቁ፤ ከዋንዛው እስከ ቀፎዎቹ የመካከለኛው፤ ከዚያ በላይ ያለው የታናሹ፤ ማሩን ግን ሦስታችሁ አብራችሁ ቁረጡት፣ አንድ ዛፍ ላይ ካልተገናኛችሁ አትገናኙምና። እያንዳንዱን ቃል ሰናይት ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠግታ ትደግመዋለች፤ እኔ በአፋን ኦሮሞ እጽፋለሁ። የቤተሰብ ስምምነት እንጂ የቀበሌውን ምዝገባ እንደማይተካም ጨመርኩበት፤ ያንን መስመር መተው አልችልም። ስጨርስ ሰናይት ካርቦኖቹን አውጥታ ሦስተኛውን ወረቀት ወደ ብርሃን ዘረጋችው።

«ይነበባል?» አልኳት።

«ይነበባል፣ አባባ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ብዙ ስለመረቁ ብዙ ዘገየን። ስንመለስ ገና ሑሩሙ ሳንደርስ የኦላና ማሽን ጩኸት ጀመረ፤ ትርፉ ባትሪ ቀድሞ አልቋል፣ የራሱም እያለቀ ነው። የእኔ ከግማሽ በላይ ነበረው። ሰናይት አምቡውን አነሣች። እኔ ግን በእጄ ከለከልኳት። ኦላና ያለ ማሽን ብዙ አይቆይም፤ እኔ ሁለት ሰዓት ተፈቅዶልኛል፤ የቀረኝ ድፍረቱ ነው።

«የኔን ስጪው» አልኩ።

«አባባ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተቀምጠው አያውቁም።»

«ዛሬ እቀመጣለሁ።»

ማስኬን ራሴ አወለቅሁት። ገመቹ የባትሪውን ሽቦ ነቅሎ ወደ ኦላና አዛወረው፤ ጩኸቱ ቆመ። የእኔ ጩኸት ግን በውስጤ ተጀመረ። የያዮ ጫካ በመስኮቱ እያለፈ፣ እኔ በየትንፋሼ ኪሴን እንደሚዳብስ ሰው ራሴን እዳብስ ነበር። አለ? አለ። አሁንስ? አለ። ሰናይት ከኦላና አጠገብ ተነሥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ መዳፏን ጎድኔ ላይ አሳርፋ፣ ሰዓቷን እያየች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትንፋሼን ትቆጥር ጀመር። እስከ መቱ ድረስ እጇን አላነሣችም። ኦላና በእኔ ባትሪ እየተነፈሰ ያን እጅ አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየና በአንድ ዐይኑ ጠቀሰኝ።

ያ ሁሉ ካለፈ ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን ቀን ቀን ያለ ማሽን እውላለሁ፤ በምርኩዝ ጥላዬ ሥር ሄጄ ለጥቂት ሰዓት እጽፋለሁ፤ ማስኩን የማደርገው ስተኛ ነው። ኦላና ድምፁ ከገና በፊት ሄደ፤ በዐይኑ ይነጋገራል። ቅዳሜያችንን በተራ አድርገናል፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሱ። ባለፈው የእኔ ቅዳሜ ሰናይት ገበያ ወስዳኝ ሎሚ ሻጮቹ ዘንድ አቆመችኝ፤ እኔም ቀልድ ሞከርኩ፤ ለእኔ ሲባል ተሣቀ።

ድኛለሁ ማለት ተለውጫለሁ ማለት አይደለም። ተራው የኦላና ሲሆን ባጃጁ ሲነሣ አሁንም ሰዓት አያለሁ፤ ስንት ሰዓት እንደቆየችም ሳላስብ አልቀርም። ግን በዋዜማው፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የኦላናን ባትሪ ወደ ቤቴ አስመጥቼ ቻርጅ የማደርገው እኔ ነኝ። እስኪሞላ ድረስም አጠገቡ ቁጭ እላለሁ።